የፖለቲካ ኮሙኒኬሽን አማካሪ ሊያስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

የፖለቲካ ኮሙኒኬሽን አማካሪ ሥራ ከውጭ ሲታይ ንግግር መጻፍና ጋዜጠኛ ማነጋገር ብቻ ይመስላል። በተግባር ግን አማካሪው በሁለት ወገን መታመን ያለበት ሰው ነው፤ ፖለቲከኛው ክፉውንም ደጉንም ሳይሸፋፍን ይነግረኛል ብሎ ሊተማመንበት፣ ጋዜጠኛውም የሰጠኝ መረጃ ነገ አያሳፍረኝም ብሎ ሊቀበለው ይገባል። በዚህ ሙያ ጎበዝ የሚባሉ ሰዎችን ሳይቀር ከወንበራቸው ያስነሡት ስህተቶች አብዛኞቹ ከችሎታ ማነስ የመጡ አይደሉም፤ ለዛሬ ችግር ሲባል ይህን አመኔታ ከማባከን የመጡ ናቸው።

ያላረጋገጡትን በእርግጠኝነት መናገር

ከሁሉም የከፋው ይህ ስለሆነ ረዘም አድርጎ መመልከቱ ተገቢ ነው። እ.ኤ.አ. በ1972 በዋተርጌት ሕንጻ የሚገኘው የዴሞክራቲክ ፓርቲ ጽሕፈት ቤት በተሰበረ ጊዜ፣ የፕሬዚዳንት ሪቻርድ ኒክሰን ቃል አቀባይ የነበሩት ሮን ዚግለር የኒክሰን የምርጫ ዘመቻ ሰዎች እጅ የነበረበትን ይህን ድርጊት እንደ ተራ የስርቆት ሙከራ አቃልለው ተናገሩ፤ ከዚያም በኋላ ለወራት የጋዜጦችን ዘገባ ሲያስተባብሉ ቆዩ። በኤፕሪል 1973 ፕሬዚዳንቱ አዲስ መግለጫ ሲሰጡ ግን ከዚያ በፊት የተነገረው ሁሉ ከእንግዲህ እንደማይሠራ ዚግለር ራሳቸው ለጋዜጠኞች ለማስረዳት ተገደዱ፤ በቀጣዩ ወር መጀመሪያም ሲያጥላሉት የቆዩትን ዋሽንግተን ፖስትን በይፋ ይቅርታ ጠየቁ። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል የሚባለው በዚህ ሙያ ውስጥ በአደባባይ ይፈጸማል፤ ቀኑና ቃሉ ተመዝግቦ ይቀመጣልና።

አማካሪ ሐሰት የሚናገረው ሁልጊዜ ዋሽቶ አይደለም። ብዙ ጊዜ ሌሎች የነገሩትን ሳያጣራ በማስተላለፉ ነው። እ.ኤ.አ. በኦገስት 1974 የፕሬዚዳንት ጄራልድ ፎርድ ቃል አቀባይ የሆኑት ጄራልድ ተርሆርስት፣ በዋተርጌት ቅሌት ከሥልጣን ለለቀቁት ለኒክሰን ምሕረት ይደረግ እንደሆነ በጋዜጠኞች ሲጠየቁ ከባልደረቦቻቸው የሰሙትን አምነው እንዲህ ያለ ነገር እንደሌለ መለሱ። ሴፕቴምበር 8 ቀን ፕሬዚዳንቱ ምሕረቱን አወጁ። ተርሆርስትም ውሳኔውን በሕሊናቸው ሊደግፉት እንደማይችሉ ጽፈው፣ ሥራ በጀመሩ በአንድ ወር ገደማ ውስጥ ለቀቁ።

ስለዚህ አማካሪው መግለጫ ከመስጠቱ በፊት ጉዳዩን በቀጥታ የሚያውቀውን ሰው በአካል ወይም በስልክ ራሱ ማነጋገር አለበት፤ ሰነድ ካለም ማጠቃለያውን ሳይሆን ሰነዱን ማንበብ ይኖርበታል። ማረጋገጥ ካልቻለ «አጣርቼ እስከ አሥር ሰዓት እደውልልሃለሁ» ማለት ምንም ነውር የለውም፤ ነውሩ አሥር ሰዓት ሲሆን አለመደወል ነው። መልሱ ያልተገኘ ቢሆን እንኳ፣ አለመገኘቱን ለመንገር መደወል ግዴታ ነው፤ በቀነ ገደብ ተወጥሮ የሚጠብቅ ዘጋቢ ይህን ለዓመታት አይረሳም።

መጥፎውን ወሬ ከአለቃ መሸሸግ

በፖለቲከኛ ዙሪያ የሚያጨበጭብ ሰው አይጠፋም። አማካሪው ደመወዝ የሚከፈለው ሌሎች ለመናገር የሚፈሩትን እንዲናገር ነው፤ ይህ ሥራ በተለይ የሚታየው ከጋዜጣዊ መግለጫ በፊት በሚደረገው ልምምድ ነው። ደካማ አማካሪ በልምምዱ ላይ አለቃው የሚወዳቸውን ጥያቄዎች ይጠይቅና «በጣም ጥሩ ነው» ብሎ ይነሣል። ብርቱው ግን የተቃዋሚ ጋዜጠኛ ቦታ ይይዛል፤ «ይህ ቁጥር ከየት መጣ? ባለፈው ዓመት የተናገሩት ከዚህ ጋር እንዴት ይስማማል? ባይሳካ ይለቃሉ?» እያለ ያፋጥጣል፤ አለቃው ቢቆጣም ጥያቄውን ደግሞ ይጠይቃል፤ ምክንያቱም ቁጣው በዝግ ክፍል ውስጥ ቢወጣ ይሻላል።

ለጭብጨባ የሚመቹ ቃል ኪዳኖችም በዚሁ ወንፊት ማለፍ አለባቸው። አባት ጆርጅ ቡሽ እ.ኤ.አ. በ1988 በፓርቲያቸው ጉባኤ ላይ አዲስ ግብር እንደማይኖር በማያወላዳ ቃል ተናግረው ነበር፤ በ1990 ግብር የሚጨምር የበጀት ስምምነት ሲቀበሉ ያ አንድ ዐረፍተ ነገር መልሶ መጣባቸው፤ በ1992ቱ ምርጫም ተፎካካሪዎቻቸው ደጋግመው አነሡት። አማካሪ እንዲህ ያለ ዐረፍተ ነገር በረቂቅ ላይ ሲያይ፣ በሁለት ዓመት ውስጥ ሊፈርስ የሚችልበትን ሁኔታ በጽሑፍ አስፍሮ ለአለቃው ማሳየት ይኖርበታል። ከዚያ በኋላ ውሳኔው የፖለቲከኛው ነው።

ይህን ለማድረግ ግን አማካሪው ፖሊሲው በሚወሰንበት ስብሰባ ላይ መገኘት አለበት። ውሳኔው ካለቀ በኋላ «አሁን አሳምርልን» የሚባል ሰው ምክር ለመስጠት ጊዜው አልፎበታል።

ከመዝገብ ውጭ የሚለውን ውል በኋላ ማስታወስ

ስም ተጠቅሶ የሚወጣ፣ ስም ሳይጠቀስ ለምንጭነት የሚውል፣ ጨርሶ የማይታተም (ከመዝገብ ውጭ) ተብሎ የሚሰጥ ንግግር እያንዳንዱ የራሱ ደንብ አለው፤ ደንቡም የሚጸናው ንግግሩ ከመጀመሩ በፊት ሁለቱም ወገኖች ሲስማሙ ነው። ተናግሮ ሲያበቃ «ይሄ ከመዝገብ ውጭ ነው» የሚል አማካሪ ጋዜጠኛው በጎ ፈቃድ እንዲያደርግለት እየለመነ ነው።

ለማንም አይታይም ብሎ መጻፍ

እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 11 ቀን 2001 በኒው ዮርክ የተመቱት ሁለቱ ሕንጻዎች ገና ሳይፈርሱ፣ በብሪታንያ የትራንስፖርት ሚኒስትሩ ልዩ አማካሪ ለባልደረቦቿ አጭር ኢሜይል ላከች፤ መቅበር የምንፈልገውን ነገር ሁሉ ለማውጣት ዛሬ በጣም ጥሩ ቀን ነው የሚል ይዘት ነበረው። መልእክቱ በኦክቶበር አፈትልኮ ወጣ። አማካሪዋ በይፋ ይቅርታ ጠይቃ ለጊዜው ብትቆይም፣ በፌብሩዋሪ 2002 ሥራዋን ለቀቀች። እኔን የሚያሳስበኝ መልእክቱ መውጣቱ ብቻ አይደለም፤ ሰዎች እየሞቱ ባሉበት ሰዓት እንዲህ ያለ ሐሳብ እንደ ተራ የሥራ ሐሳብ መቆጠሩ ነው። ሙያው ሰውን ወደዚህ ሊያደርሰው እንደሚችል ማወቅ ያስፈልጋል።

ጥንቃቄው ቀላል ነው፤ ኢሜይልም ሆነ የቴሌግራም መልእክት ከመላኩ በፊት በነገው ጋዜጣ የፊት ገጽ ላይ ከላኪው ስም ጋር እንደሚታተም አስቦ ማንበብ። ለማተም የሚያሳፍር ከሆነ መላኩን ብቻ ሳይሆን ሐሳቡንም መተው።

ራስን ዜና ማድረግ

አንዲ ኩልሰን ቀደም ሲል አርታዒ በነበሩበት ጋዜጣ የተፈጸመው የስልክ ጠለፋ ጉዳይ እየከበዳቸው ሲመጣ፣ በጃንዋሪ 2011 ከብሪታንያው ጠቅላይ ሚኒስትር ዴቪድ ካሜሮን የኮሙኒኬሽን ኃላፊነት ለቀቁ፤ ቃል አቀባዩ ራሱ ቃል አቀባይ ሲያስፈልገው መሄጃው ጊዜ ደርሷል ማለታቸው ይታወሳል። ነገሩ ግን ከመሾም በፊትም ይሠራል። ሥራ የሚቀበል አማካሪ በታሪኩ ውስጥ ጥያቄ የሚያስነሣ ነገር ካለ፣ ለቀጣሪው አስቀድሞ በዝርዝር መናገር አለበት።

ለምስል ብቻ መሥራት

የአሜሪካው የፕሬዚዳንትነት ዕጩ ማይክል ዱካኪስ እ.ኤ.አ. በ1988 የራስ ቁር አድርገው በታንክ ላይ የተነሡት ምስል ለመከላከያ ጉዳይ ያላቸውን ብርታት እንዲያሳይ ታስቦ ነበር፤ ተቃዋሚዎቻቸው ግን ለራሳቸው ማስታወቂያ ተጠቀሙበት። ምስሉ ከሰውየው ጋር ካልሄደ ባይነሣ ይሻላል።

የመንግሥትን ሥራ ከፓርቲ ሥራ ማደባለቅ

በብዙ አገሮች ይህ የሕግ ጉዳይ ነው። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1939 የወጣው የሃች ሕግ የፌዴራል ሠራተኞችን የፓርቲ እንቅስቃሴ ይገድባል፤ በብሪታንያም የልዩ አማካሪዎች የሥነ ምግባር ደንብ አማካሪዎች የመንግሥት ገንዘብ እንዳያዝዙና ቋሚ ሠራተኞችን እንዳያስተዳድሩ ይከለክላል። አማካሪው በተቀጠረ በመጀመሪያው ሳምንት ደሞዙን ማን እንደሚከፍል፣ የትኛው ስልክና ኮምፒውተር ለየትኛው ሥራ እንደሆነ፣ በምርጫ ዘመቻ ወቅት ምን ማድረግ እንደማይችል በጽሑፍ ቢያስወስን ከብዙ ጣጣ ይድናል።

ዕድሜን ሁሉ በአንድ ፖለቲከኛ ላይ መጣል

በምርጫ መሸነፍ አለ፣ ከሹመት መነሣትም አለ። በብሪታንያ የልዩ አማካሪ ቅጥር ከሚኒስትሩ ሥልጣን ጋር ያበቃል፤ በሌላ አገርም ቢሆን ልማዱ ከዚህ ብዙ አይርቅም። ስለዚህ አማካሪው በሥራ ላይ እያለ ከአለቃው ውጭ የሚቆም ችሎታ ማካበት አለበት፤ በደንብ መጻፍና ማረም፣ የሕዝብ አስተያየት ጥናት ሲያነብ የናሙናውን መጠንና የጥያቄውን አቀራረብ መመርመር፣ የበጀት ሰነድ መረዳት፣ የምክር ቤትን አሠራር ማወቅ። ሲለቅም የቀድሞ አለቃውን ምሥጢር ይዞ ወደ ተፎካካሪ ቢሮ ወይም ወደ ጋዜጣ እንዳይሮጥ፤ ቀጣዩ ቀጣሪ ያን አይቶ የራሱን ነገር ከእሱ መሸሸግ ይጀምራል።