ሶስት ጠርሙስ ባንድ ገመድ፦ ክላስተር የውሃ ሮኬት እንዴት ይሰራል

ሮኬት ለመስራት የባሩድ ሞተሩን ተዉት፣ እሱን ፍለጋ ስትዞሩ ሌላ ጣጣ ነው የምታመጡት። በውሃና በታመቀ አየር የሚሄደው ለውድድር ይበቃል፣ በተለይ ሶስት ጠርሙስ ባንዴ አስራችሁ ስታስወነጭፉ፣ ክላስተር የሚባለው እሱ ነው። ጨዋታው ያለው ጠርሙስ ማብዛቱ ላይ ሳይሆን ሶስቱም እኩል መለቀቃቸው ላይ ነው።

ጠርሙሱን ከምናለሽ ተራ ወይ ከሰፈር ቆራሌው ግዙ፣ ባለ 2 ሊትር የለስላሳ ይሁን። የውሃ ሃይላንድ አይሆንም፣ ስስ ነው፣ የለስላሳው ግን ጋዝ እንዲችል ተደርጎ ነው የተሰራው። የተጫረውን ጣሉት። አፋቸውን ወደታች አድርጋችሁ ሶስቱን በፕላስተር እሰሩ፣ አፎቹ እኩል ካልሆኑ ፍቱና ድገሙ። ከአራተኛ ጠርሙስ አናቱን ቆርጣችሁ አፍንጫ አድርጉለት፣ ከጠንካራ የፋይል ሽፋን ሶስት ክንፍ ቆርጣችሁ ታች ለጥፉ። ከዛ ባዶውን ሮኬት ወደየትም ሳያደላ የሚንጠለጠልበት ቦታ ላይ በሲባጎ አስራችሁ ከራሳችሁ በላይ አዙሩት፣ በአፍንጫው ካልሄደ አፍንጫው ውስጥ ጭቃ ጨምሩ።

አሁን ማስወንጨፊያው። ሶስት የግማሽ ኢንች ቱቦ ታች ተገናኝተው ጎሚስታ ጋ ከምታገኙት አንድ ቫልቭ አየር ይውሰዱ። ቱቦው ጠርሙሱ ውስጥ 20 ሳንቲ ያህል ይግባ፣ ጫፉ ከውሃው በላይ ካልወጣ ውሃው ተመልሶ ቱቦው ውስጥ ይገባል። አፉ ጋ አየር እንዳያስወጣ የከመነዳሪ ቁራጭ ጠምጥሙበት። ኤሌክትሪሽያኖች ገመድ የሚያስሩባትን ባለጥርስ ፕላስቲክ በየቱቦው ዙሪያ ደርድራችሁ ጭንቅላቷ የጠርሙሱን አንገት ከንፈር እንዲይዝ አድርጉ፣ ከውጭ ደግሞ ሶስት ቀዳዳ ያለው አንድ ጣውላ ዙሪያዋን ጨምቆ ይያዛት። ጣውላውን በገመድ ወደታች ስትጎትቱት ሶስቱም ባንዴ ይለቃሉ።

እኔ መጀመሪያ ለየጠርሙሱ ለብቻ ገመድ አድርጌ ሱሉልታ ሜዳ ላይ ስስብ አንዱ ያዘና ሮኬቱ ዞሮ የጎረቤት ጤፍ ክምር ውስጥ ተሰካ፣ የክምሩ ባለቤት እማማም አይተው አይተው «ልጄ፣ ይሄ ነገር ተመልሶ ይመጣል?» አሉኝ። ጣውላውን ያሰብኩት ከዛ በኋላ ነው።

ሲተኮስ፦ ሮኬቱን ገልብጣችሁ በየጠርሙሱ ሲሶ ውሃ (650 ሚሊ ገደማ) በኩባያ እየለካችሁ እኩል አድርጉ፣ ማስወንጨፊያውን ከላይ ግጠሙበትና ቆልፋችሁ አንድ ላይ ቀና አድርጉት። በረጅም ጎማ ቢያንስ 10 ሜትር ርቃችሁ በብስክሌት ፓምፕ የአየር ግፊቱ 4 ባር እስኪደርስ ንፉ፣ ከዛ አትለፉ፣ ማንም አናቱ ላይ አያጎንብስ። ኤሌክትሪክ ገመድ የሌለበት ሜዳ ይሁን፣ ጠዋት ንፋስ ሳይነሳ ይሻላል።

ከፍታውን ለመለካት ከማስወንጨፊያው 50 ሜትር ርቆ አንድ ሰው ፕሮትራክተር ይዞ ይቁም፣ ጫፍ ላይ ሲደርስ 45 ዲግሪ ካነበበ 50 ሜትርና የራሱ የአይን ከፍታ ነው።