የአይረን እንክብልና ቡና ይራራቁ

በደብረ ብርሃን ብርድ ቡና የማይፈላበት ቤት ማግኘት ይከብዳል። ነፍሰ ጡር እህቶቼ፣ ቡናውን ተዉ አልላችሁም፤ ከጤና ጣቢያ በነጻ የሚሰጣችሁን፣ የደም ማነስን የሚከላከለውን የአይረንና ፎሊክ አሲድ እንክብል ግን እባካችሁ በቡና ወይም በሻይ አትዋጡት። ሁለቱም አይረኑ ወደ ደም በደንብ እንዳይገባ ያደርጉታል፤ መድኃኒቱ ተውጦ ጥቅሙ ይቀንሳል።

እኔ የምመክረው ማታ ከመኝታ በፊት መዋጥን ነው። በዚያ ሰዓት ረከቦቱ ተነሥቷል፣ ማቅለሽለሹም ለብዙዎች ይቀላል። ግማሽ ሎሚ የተጨመቀበት ውሃ ቢሆን ደግሞ እሰየው፤ ሎሚው አይረኑ በደንብ እንዲሰርጽ ያግዛል። ጠዋት የምትውጡ ከሆነ ቡናውን ሁለት ሰዓት ያህል አቆዩት፤ እሱም ከአንድ ስኒ ባያልፍ እመርጣለሁ።

ሰገራ ቢጠቁር አትደንግጡ፤ ከእንክብሉ የሚመጣ ነው። ብዙዎች እንክብሉን የሚያቋርጡት በሆድ ድርቀት ተማረው ነው። በመንዝና በአንኮበር ብርድ ውሃ ስለማይጠማ መጠጣት ይረሳል፤ ለብ አድርጋችሁ ቀኑን ሙሉ ጠጡ። የባቄላ ንፍሮ፣ ጎመንና የገብስ ቂጣም ሆድ ያለሰልሳሉ። በጾም ወቅት ከንስሐ አባታችሁ ጋር ተመካከሩ።

ደም ከታየ፣ ከባድ ራስ ምታት ወይም የዓይን ብዥታ ከመጣ፣ ፊትና እጅ ካበጠ፣ የፅንሱ እንቅስቃሴ ከቀነሰ ቀጠሮ ሳትጠብቁ በዚያው ሰዓት ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ።