ማታ ሳሎን ውስጥ የቤተሰብ ፎቶ ስታነሱ እነዚህን አታድርጉ

ቡና እየተጠጣ፣ ጨዋታው ደርቶ፣ ማንም ሳያውቅ የተነሳ ፎቶ ለኔ ከስቱዲዮ ፎቶ ይበልጣል። ግን ብዙ ሰው ስልክ ውስጥ ያለው ወይ ብዥ ያለ ነው ወይ ሁሉም ድርቅ ብሎ የተቀመጠበት፣ ይሄ ደግሞ ብዙ ጊዜ የስልኩ ጥፋት አይደለም።

አንደኛ ፍላሽ አውቶ ላይ መተው። ቅርብ ያለው ሰው ፊቱ ነጥቶ ያብለጨልጫል፣ ከኋላ ያለው ይጨልማል፣ እጣን እየጨሰ ከሆነማ ጭሱ ራሱ ፎቶውን ይሸፍነዋል። ዋናው ግን አንዴ ብልጭ ካለ ሰው ሁሉ ወደናንተ ዞሮ ጨዋታው ይቋረጣል። አጥፉት በቃ።

ሁለተኛ ብርሃኑ ከየት እንደሚመጣ አለማየት። አምፖል ልክ አናቱ ላይ ያለ ሰው አይኑ ስር ይጠቁራል፣ ትንሽ ወደፊት ወይ ወደ ጎን ከሆነ ግን ፊቱ ያምራል፣ ስለዚህ ሰዉን ከማንቀሳቀስ እናንተ ዙሩ። ቀን ከሆነ ለመስኮት ጀርባውን የሰጠ ሰው ፊቱ ይጨልማል፣ ብርሃኑ ከጎን የሚመታውን ፈልጉ፣ መስኮቱ ከበቃ ደግሞ አምፖሉን አጥፉት፣ አለዚያ ግማሽ ፊት ሰማያዊ ግማሽ ቢጫ ይሆናል።

ነጠላ! ይሄን ብዙ ሰው ልብ አይለውም። ካሜራ ፍሬሙ ውስጥ ነጭ ሲበዛበት ብርሃን የበዛ መስሎት ሁሉንም ያጨልማል፣ እናም በዓል ቀን ሁሉም ነጭ ለብሶ ቁጭ ሲል ልብሱ ግራጫ ፊታችን ደግሞ ጥቁር ጥላ ሆኖ ይወጣል። መፍትሄው ቀላል ነው፣ ስክሪኑ ላይ ፊቱን ንኩና የምትመጣዋን የፀሐይ ምልክት ትንሽ ወደላይ ሳቧት፣ ነጠላው ትንሽ ቢነጣ ችግር የለውም ፊት ይቅደም። ቢውቲ ሞድም ካለ አጥፉት ባካችሁ፣ የአያታችንን የፊት መስመርና የቆዳዋን ቀለም የሚያጠፋ ነገር ምን ይሰራልናል?

ናይት ሞድ ደግሞ ለሚሮጥ ልጅ አይሆንም። ስልኩ አንድ ሰከንድም ከዛም በላይ ተከታታይ ፎቶ አንስቶ ስለሚያዋህድ ልጁ ጥላ ብቻ ይሆናል፣ ቁጭ ብለው ለሚያዳምጡ አያት ግን ጥሩ ነው። አዳዲሶቹ አይፎኖች ላይ በጨለማ ራሱ ስለሚበራ ምልክቱን ነክታችሁ አጥፉት።

ካሜራ ያላችሁ አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት የሚወስነው ቁጥር) መጨመር አትፍሩ። 3200 ላይ ትንሽ አሸዋ አሸዋ ይላል፣ ቢልም ፎቶው ይኖራል፣ ብዥ ያለውን ግን ማንም አያስተካክለውም። የሹተር ፍጥነቱን፣ ማለትም ካሜራው ብርሃን የሚያስገባበትን ጊዜ፣ ቁጭ ብለው ለሚጫወቱ ሰዎች 1/60 ሰከንድ፣ ለልጆች 1/100 አካባቢ ሞክሩ። ከዛ ስታፈጥኑት አንዳንድ ፍሎረሰንትና ርካሽ ኤልኢዲ ፎቶው ላይ ጥቁር መስመር ያመጣል፣ የኛ ሀገር መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ አምፖሉ በሰከንድ 100 ጊዜ ነው ደመቅ ደብዘዝ የሚለው። ከካሜራው ጋር የሚመጣው 18-55 ሚሊሜትር ሌንስ ዙም ሲደረግ የብርሃን ቀዳዳው f/5.6 ላይ ይቀራል (ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል)፣ f/1.8 ሌንስ ከሱ አስር እጥፍ ገደማ ብርሃን ያስገባል፣ ግን ጠባብ ሳሎን ከሆነ 50 ሚሊሜትሩ በጣም ስለሚያቀርብ ግድግዳ ያስደግፋችኋል፣ 35ቱ ይሻላል።

በስልክ በጣት ዙም ማድረግም ይቅር፣ ብዙ ጊዜ ምስሉን መቁረጥ ነው እንጂ ማቅረብ አይደለም፣ ተነሱና ቅረቡ። ሌንሱንም ጥረጉት፣ ወጥ የነካ ጣት ካረፈበት አምፖሉ ዙሪያ ጭጋግ ይሰራል።

ከሁሉም በላይ ግን "እዚህ እዩ!" አትበሉ። ያኔ ነጠላ ይስተካከላል፣ ሳቅ ይቆማል፣ እጅ ጭን ላይ ይገባል። መጀመሪያ ዛሬ ፎቶ አነሳለሁ ብላችሁ ለትልልቆቹና ለእንግዳ ተናገሩ፣ አልፈልግም ያለ ካለ ተዉት፣ ከዛ አቦሉን አብራችሁ ጠጡ፣ ድምፁን አጥፍታችሁ ስልኩን ጉልበታችሁ ላይ አድርጉት። ቶና ላይ ሰው ይረሳችኋል፣ ያኔ ነው ደጋግማችሁ የምታነሱት፣ አንዱ ሲናገር ተናጋሪውን ብቻ ሳይሆን ሰሚዎቹንም እዩ፣ ሳቁ እዛ ነው ያለው።

ውጭ ላሉት ዘመዶች በቴሌግራም ስትልኩ እንደ ፋይል ላኩት፣ እንደ ፎቶ ከሄደ ይጨመቃል፣ በትንሽ ብርሃን የተነሳ ፎቶ ደግሞ ሲጨመቅ ይብስበታል፣ አሳትመው ግድግዳ ላይ ሊሰቅሉት ይችላሉ እኮ።