እግሬ ሥር ያለችው ነጥብ፦ የቆዳ ሐኪም ጋ እስክትደርሱ

ነሐሴ ላይ እናቴ ከአገር ቤት የእንሶስላ ሥር ላከችልኝና እኔና ልጄ እጅ እግራችንን ሞቅን። ከመስቀል በኋላ ቀለሙ ከቆዳዬ ለቅቆ ጥፍሬ ላይ ብቻ ቀረ። አንድ እሑድ ልጄ እግሬን ስታሽልኝ «እማ፣ እንሶስላው እዚህ ጋ አልለቀቀም» አለችኝ። ግራ እግሬ ሥር፣ ተረከዜ አጠገብ። በእግር ድንጋይ ፈተግሁት፤ ወይ ፍንክች። እንሶስላ ቀይ ነው፣ ይሄ ደግሞ ጠቆር ያለ ቡናማ። ዕድሜ ልኩን ከጨርቅና ከክር ቀለም ጋር የኖረ ሰው ይህን ለመለየት ድንጋይ አያስፈልገውም ነበር።

ልብስ ሰፊ ነኝ፣ ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ። ነጥቧን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃታለሁ፤ የምስር ፍሬ አታክልም ነበር፣ እናቴም «ማርያም የሳመችሽ» ትላት ነበር። አሁን ግን በአንድ ወገን ሾጠጥ ብላ ወጥታለች።

ቡና ላይ አነሳሁት። አንዷ ጎረቤቴ «ማርያም የሳመችሽን ምን አስነካሽ፣ ተያት» አለች። ሁለተኛዋ ኪንታሮት ነው ብላ በፈረስ ጭራ እንዳስረው መከረችኝ፤ ጠፍጣፋ ነገር በምኑ ይታሰራል? ሦስተኛዋ «ብቻ ብረት እንዳይነካው፣ ብረት የነካው ይሰራጫል» አለች። እንቅልፍ የነሳችኝ እሷ ናት። በማግሥቱ አንድ ክሊኒክ ሄድሁ፤ ስሙ ይቅር። ጫማዬን በቅጡ ሳላወልቅ የፈንገስ ቅባት ታዘዘልኝ። ሦስት ሳምንት ቀባሁ፤ ነጥቧ ወዛች እንጂ ሌላ ምንም አልሆነችም።

እንግዲህ ከዚያ ወዲህ የቆዳ ሐኪም ጋ እስክደርስ ያደረግሁትን፣ ሳላደርግ ቀርቼ የቆጨኝንም ጭምር ልንገራችሁ።

መጀመሪያ የት እንደምታዩ እወቁ። ፈረንጆች ስለ ቆዳ ካንሰር ሲያወሩ ፀሐይ፣ ጀርባ፣ ትከሻ ይላሉ። ለነጭ ቆዳ እውነት ነው። እንደኛ ጠቆር ባለ ቆዳ ላይ ግን ሜላኖማ የሚባለው የቆዳ ካንሰር ከመጣ በብዛት የሚመጣው ፀሐይ በማያየው ቦታ ነው፦ የውስጥ እግር፣ መዳፍ፣ የጥፍር ሥር። ከነጮቹ ጋር ሲነጻጸር እኛን የሚይዘው በጣም ጥቂት ነው፤ ክፋቱ ዘግይቶ መታየቱ ነው። እግሩን ገልብጦ የሚያይ ማን አለ? ቦብ ማርሊን የገደለው ይኸው ነው። እ.ኤ.አ. በ1977 የእግሩ አውራ ጣት ላይ ተገኘበት፤ መጀመሪያ ኳስ ሲጫወት የተጎዳ መስሎ ነበር። በ1981 በ36 ዓመቱ ሞተ። በ1997 ዓ.ም. መስቀል አደባባይ 60ኛ ዓመት ልደቱ ሲከበር ከሕዝቡ መሐል ቆሜ ስጨፍር ነበር፤ በምን እንደሞተ ያወቅሁት ግን ዘንድሮ ነው።

በቀን ብርሃን፣ መስኮት አጠገብ ተቀምጣችሁ እዩ። የማታ አምፖል ቡናማውን ጥቁር፣ ጥቁሩን ሰማያዊ ያደርገዋል፤ እኔ ጨርቅ እንኳ ማታ አልመርጥም። መስታወት መሬት ላይ አድርጉና እግራችሁን ከላይ ያዙ፤ በጣቶቻችሁም መሐል እዩ። ለራስ ቅላችሁ ሹሩባ የምትሠራችሁን ጠይቋት፣ ከእናንተ ይልቅ እሷ ታውቀዋለች። የጥፍር ቀለም ካለ አስለቅቁ። እንሶስላ ከጥፍር ላይ ቶሎ አይለቅምና እስክትታዩ ድረስ ደግማችሁ አትሙቁ። የኔን ጥፍሮች ሐኪሟ በደንብ ማየት አልቻለችም፤ አድገው እስኪቆረጡ መጠበቅ ግድ ሆነ።

ከዚያ ልክ ውሰዱ። ይሄ የኔ ሙያ ነው። የልጄን ደብተር ከምንለብድበት ጥርት ያለ ፕላስቲክ ቁራጭ ወሰድሁ። እግሬን ታጥቤ አደረቅሁና ፕላስቲኩን ነጥቧ ላይ አነጠፍሁት፤ በቀጭን ማርከር ዳር ዳሯን ተከተልሁ። ወደ ተረከዝ የሚያሳይ ቀስት ሣልሁበትና ቀኑን ጻፍሁ። ቀስቱን ብትረሱ በሌላ ቀን የቱ ወደላይ የቱ ወደታች እንደነበር ይጠፋችኋል፤ እጅጌ ገልብጦ የሰፋ ሰው ይገባዋል። በሁለተኛው እሑድ በአዲስ ቁራጭ ደገምሁና ሁለቱን ደራርቤ መስኮቱ ላይ ያዝኋቸው። በሾጠጠው ወገን የክር ውፍረት የምታህል ልዩነት አየሁ። የእጄ መንቀጥቀጥም ሊሆን ይችላል፤ ስለዚህ በሳምንት ልዩነት ብቻ አትደንግጡም፣ አትጽናኑምም። ቁራጮቹ የሚጠቅሙት ሐኪም እጅ ሲገቡ ነው። ቀጠሮው ቀርቦ ሳለ «ቆይ ትንሽ ልከታተለው» ብሎ መቅረት ግን ስንፍና ነው።

ስፋቱን በሰፊው በኩል ለኩ። 6 ሚሊ ሜትር ካለፈ ልብ በሉት ይባላል፤ የኔዋ 7 ነበረች። የሚለወጥ ከሆነ ግን ከ6 ማነሱ ነጻ አያወጣውም። ፎቶ ሁለት ይበቃል፦ አንዱ ከቅርብ፣ አንዱ እግሩ በሙሉ የሚታይበት፤ ሁለቱም ያለ ፍላሽ፣ በዚያው መስኮት፣ በዚያው ሰዓት። አጠገቡ የአንድ ብር ሳንቲም አስቀምጡ፣ መጠኑን ይናገራል። ስልኬ በጣም ሲጠጋ ያደበዝዛልና አንድ ስንዝር ራቅ አድርጌ ነው ያነሳሁት።

ምን እንደምታዩ ደግሞ በጨርቅ ቋንቋ ልንገራችሁ። ነጥቡን መሐል ላይ ብታጥፉት ሁለቱ ግማሾች ይገጥማሉ? ዳሩ የተዘመዘመ ነው ወይስ የተተረተረ? ቀለሙ አንድ ወጥ ነው ወይስ ቡናማ፣ ጥቁር፣ ግራጫ፣ ቀይ የተደባለቀበት? ሰፍቷል? ከሁሉ በላይ ግን ተለውጧል ወይ? ደግሞም 40 ዓመት ከሞላችሁ በኋላ አዲስ የወጣ ነጥብ ካለ ጊዜ ሳትሰጡ አሳዩት።

ጥፍር የራሱ ሕግ አለው። በብዙ ጥቁር ሰው ጥፍር ላይ ቁመቱን የሚከተል ጠቆር ያለ መስመር አለ፤ በብዙ ጣቶች ላይ ካለና ለዓመታት ካልተለወጠ ብዙ ጊዜ ተፈጥሮ ነው። በአንድ ጣት ላይ ብቻ አዲስ ወጥቶ ከ3 ሚሊ ሜትር የሰፋ፣ ወይም ቀለሙ ከጥፍሩ አልፎ ሥሩ ያለውን ቆዳ የነካ ከሆነ ግን ቶሎ መታየት አለበት። ጫማ ጨቁኖት የቋጠረ ደም ከጥፍሩ ጋር ወደፊት ይሄዳል፣ በኋላውም ንጹሕ ጥፍር ይከተላል። የእግር ጥፍር በወር ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሜትር ብቻ ስለሚያድግ ይህን ለማየት ወራት ይፈጃል፤ ከተጠራጠራችሁ ወራቱን አትጠብቁ።

ሳይመታ የሚደማ፣ ቆስሎ የማይድን፣ በሳምንታት ውስጥ እብጠት ሆኖ የሚያድግ ከሆነ፣ ወይም በብሽሽት ወይም በብብት ንፍፊት ከተሰማችሁ በዚያው ሳምንት ሂዱ። ፕላስቲክና ማርከሩ ይቅር።

የማይደረገውን በአጭሩ፦ በምላጭ መቁረጥ፣ በክር ማሰር፣ በአሲድ ወይም በነጭ ሽንኩርት ማቃጠል፣ ከፋርማሲ በግምት የተገዛ ቅባት መቀባት። ላዩ ከተቃጠለ ሐኪሙ የሚያየው ጠባሳውን ነው፣ ሥሩ ግን እንዳለ ሊቀር ይችላል። ጠበል ከሄዳችሁ እኔም ሄጃለሁ፤ ብቻ አትፈትጉት።

ወደ ሕክምናው እንምጣ። በማኅበረሰብ ጤና መድን የምትታከሙ ከሆነ መነሻችሁ ጤና ጣቢያ ነው፤ የሪፈር ወረቀት ሳትይዙ ሆስፒታል ብትሄዱ ከኪሳችሁ ትከፍላላችሁ። ጤና ጣቢያ ስትገቡ «እግሬን ያሳክከኛል» ብላችሁ አትጀምሩ፤ እኔ ክሊኒኩ ውስጥ እንዲያ ብዬ ነው ፈንገስ የተባልሁት። «የነበረ ነጥብ ተለውጧል፣ ይኸው ፎቶው፣ ይኸው ልኩ» በሉ። ጫማችሁን ሳትጠየቁ አውልቁ። በቤተሰብ ውስጥ እንዲህ ያለ ሕመም የነበረበት ሰው ካለ ቀድማችሁ ጠይቃችሁ ሂዱ። የኔ እናት በስልክ «እኛ ቤት ካንሰር የለም» ብላ ተቆጣችኝ፤ ይህንንም እንዳለ ለሐኪሟ ነገርኋት።

የተላክሁት አለርት ሆስፒታል ነው። እኛ ሰፈር ዘነበወርቅ ማለት ይቀናናል፣ ስሙን የሰማ ሁሉ ደግሞ የሥጋ ደዌ ብቻ ይመስለዋል። መነሻው እሱ ቢሆንም ማንኛውም የቆዳ ሕመም ይታያል። ባለቤቴ እንኳ «ለሰው አትንገሪ» ብሎኝ ነበር፤ እኔ ታክሲ ውስጥ ድምፄን ከፍ አድርጌ «ዘነበወርቅ ወራጅ» ብያለሁ። ከኮዬ እዚያ መድረስ ከተማዋን ከዳር እስከ ዳር ማቋረጥ ነውና ሳይነጋ ውጡ፤ ቁርስ ያዙ፤ ካልሲያችሁ ቶሎ የሚወልቅ ይሁን።

ሐኪሟ ልጅ እግር ናት። «እናቴ፣ ይሄን መቼ አዩት?» አለችኝ፤ 43 ዓመቴ ነው፣ እናቴ መባሉን ዋጥ አድርጌ ፕላስቲኮቼን አወጣሁ። መብራት ባለው ማጉያ ነጥቧን አየችና ምን እንደምታይ አስረዳችኝ። የውስጥ እግር ቆዳ እንደ እርሻ ፈር ፈር አለው። ቀለሙ ፈሩን ተከትሎ ከሄደ አብዛኛውን ጊዜ ደኅና ነው፤ ፈር ለቅቆ በፈሮቹ መሐል ባለው ጉብታ ላይ ሲወጣ ነው የሚያሳስበው። የኔዋ ባብዛኛው ፈሯን ይዛለች፣ የሾጠጠችው ጫፍ ግን አታስታውቅም። ስለዚህ ሙሉ በሙሉ ተቆርጣ ትመርመር ተባለ።

የጎረቤቴን ብረት ያን ጊዜ ጠየቅሁ። ለምርመራ መቁረጥ ካንሰርን አያሰራጭም አለችኝ። ብዙ ሰው የሚመጣው በሽታው ከተሰራጨ በኋላ ነው፤ ተቆርጦለት ሲሞት ስሙ የሚጠፋው የቢላው ነው።

ማደንዘዣው ሲወጋ ያማል፤ የውስጥ እግር ላይ መርፌ ቀልድ አይደለም። ከዚያ በኋላ መጎተቱ እንጂ ሕመሙ አይሰማም። የተቆረጠው በማይክሮስኮፕ ወደሚመረመርበት ክፍል፣ ወደ ፓቶሎጂ ይላካል፤ ውጤቱ መቼና በማን በኩል እንደሚመጣ ሳትጠይቁ ከክፍሉ አትውጡ፣ ሲመጣም ኮፒውን አስቀሩ። እግር ሥር ከሆነ ሁለት ሳምንት ያህል አትረግጡበትም። የኔ ቀጠሮ የዋለው ታኅሣሥ፣ የገና ልብስ ሲንጋጋ ነው፤ የሰው ቀሚስ ይዤ በቀኝ እግሬ ብቻ ስረግጥ ሰነበትሁ። እናንተ ሥራችሁን ቀድማችሁ አስረክቡ።

ውጤቱ ደኅና ነበር። ስፌቱ ሲፈታ እግሬን ገልብጬ በመስታወት አየሁት፦ አራት ስፌት፣ ጥቁር ክር፣ ሦስተኛውና አራተኛው በጣም ተራርቀዋል። ለሐኪሟ አልነገርኋትም።