እንጦጦን ከላይ ወደ ታች፦ የምኒልክን አሮጌ መናገሻ በአንድ ቀን ማየት

እንጦጦን ሊያይ የተነሣ ሰው ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው በአቅጣጫ ነው። ጠዋቱን ብሔራዊ ሙዚየም፣ ስድስት ኪሎ፣ ሽሮ ሜዳ ሲል ያሳልፍና ጋራው ላይ የሚደርሰው ከሰዓት በኋላ ነው። ያኔ ወይ ደመናው ወርዷል፣ ወይ ቅዳሴ ገብቷል፣ ወይ የእንጦጦው ሙዚየም ቁልፍ ያለው ሰው ምሳ ሄዷል። ታሪኩም ቢሆን የሄደው በተቃራኒው መንገድ ነው። ቤተ መንግሥቱ መጀመሪያ ጋራው ላይ ነበር፣ ከተማው በኋላ ወረደ፣ ነገሥታቱም የተቀበሩት ታች ነው። ስለዚህ በጠዋት ከጫፉ ይጀምሩና ቁልቁል ይምጡ።

ቀኑን ሲመርጡ ከአየሩ በፊት የቤተ ክርስቲያኑን የቀን መቁጠሪያ ይዩ። በጾም ቀን ቅዳሴ የሚገባው እኩለ ቀን ገደማ ነው፤ የሚወጣው 9 ሰዓት አካባቢ ስለሆነ የቀኑ ዋና ሰዓት በዚያ ያልቃል። ረቡዕና ዓርብ የሚከብዱት ለዚህ ነው። ዐቢይ ጾም ሲሆን ደግሞ ከሰኞ እስከ ዓርብ እንደዚያው ነው። በፍስክ ቀን ቅዳሴው ጠዋት ያልቃል። ከዚያ በመንገድዎ ላይ ያሉት አብያተ ክርስቲያናት ወርኃዊ በዓላት አሉ፦ በ1 ራጉኤል፣ በ3 በዓታ፣ በ7 ሥላሴ፣ በ21 ማርያም። በእነዚህ ቀናት ግቢው ሰው በሰው ነው። ለበዓሉ ከሆነ የሚሄዱት ይሂዱ፤ ሕንፃና ዕቃ ለማየት ከሆነ ግን ሌላ ቀን ይምረጡ። የራጉኤል ዓመታዊ ንግሥ መስከረም 1 ስለሆነ ዕንቁጣጣሽ ዕለት ወደዚያ የሚወጣ መኪና አንድ ላይ ተሰልፎ ነው የሚንቀሳቀስ።

ሁሉም ነገር የሚገጥመው ከመስከረም አጋማሽ እስከ ህዳር 14 ባለው ጊዜ፣ ማክሰኞ ወይም ሐሙስ ነው። ዝናቡ ወጥቷል፣ ሜዳው ገና አረንጓዴ ነው፣ ህዳር 15 የሚገባው የነቢያት ጾምም አልደረሰም። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ጭጋጉ ግቢው ውስጥ ይገባል፤ አሥር እርምጃ ፊት ያለው ዛፍ የማይታይበት ጠዋት አለ።

የሚይዙት ነገር ብዙ አይደለም። እንጦጦ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ አራት ኪሎ ሸሚዝ ብቻ ለብሶ የወጣ ሰው እንጦጦ ማርያም ሲደርስ ይንቀጠቀጣል። ሹራብ፣ ውሃ፣ ለሴቶች ረጅም ቀሚስና ነጠላ፣ በቀላሉ የሚወልቅ ጫማ ያስፈልጋል። ባለ ብዙ ማሰሪያ ቦቲ ካደረጉ በየደጁ ጎንበስ ሲሉ መዋልዎ ነው። ካልሲው ወፍራም ይሁን፣ የጠዋት ወለል በረዶ ነው። ነጠላ የረሳ ሰው ሽሮ ሜዳ ላይ ይግዛ፤ የሸማ ገበያው መንገዱ ዳር ነው። መታወቂያም አይርሱ፤ ለኢትዮጵያዊና ለውጭ ዜጋ የመግቢያ ዋጋው ይለያያል። ዝርዝር ብር ይዘው ይውጡ፤ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ትኬት ቆራጩም መልስ የለውም።

ከአራት ኪሎ በስድስት ኪሎ አድርገው ሽሮ ሜዳ፣ ከዚያ እንጦጦ የሚል ታክሲ ይያዙ። በኮንትራት ከሄዱ ለሾፌሩ «እንጦጦ» ብቻ ብለው አይተዉት። ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ እንጦጦ ሲባል ብዙ ሰው የሚመጣለት ፓርኩ ነው፣ ፓርኩም በሮቹ ብዙ ናቸው። «እንጦጦ ማርያም ቤተ ክርስቲያን በር» ይበሉ። «ምኒልክ ቤተ መንግሥት» ካሉማ አራት ኪሎና ካዛንቺስ መሐል ያለው ታላቁ ቤተ መንግሥት በር ላይ ሊያወርድዎት ይችላል። በራስዎ መኪና ከሆነ ሲመለሱ ከባድ ማርሽ ይጠቀሙ፤ ቁልቁለቱን ሙሉ ፍሬን ረግጦ የወረደ ሰው ሽሮ ሜዳ ሲደርስ የተቃጠለ ሸራ ይሸተዋል።

ማርያም ሲደርሱ በ3 ሰዓት አካባቢ መሆን አለበት። ከሦስቱ ነገሮች፣ ማለትም ከሙዚየሙ፣ ከቤተ መንግሥቱና ከቤተ ክርስቲያኑ፣ መጀመሪያ ወደ ሙዚየሙ ይግቡ። ብዙ ጎብኚ መጀመሪያ ወደ ቤተ መንግሥቱ ይሮጣል፤ ባዶ የጭቃ ቤት ሲያይ «ይኸው ነው እንዴ?» ብሎ ይወጣል። የንጉሠ ነገሥቱንና የእቴጌይቱን አልባሳት፣ ካባውን፣ ዘውዱንና ነጋሪቱን አስቀድሞ ያየ ሰው ግን ያ ባዶ ክፍል ውስጥ ማን ምን ለብሶ እንደቆመ መገመት ይችላል። ትኬቱ ሁለቱንም ያካትት እንደሆነ፣ ፎቶ ለብቻው ይከፈልበት እንደሆነ ሲቆርጡ ይጠይቁ። ብርጭቆው የበሩን ብርሃን ስለሚመልስ ፊት ለፊት ሳይሆን ወደ ጎን ቆመው ይመልከቱ።

እዚህ ላይ የዓመተ ምሕረት ነገር ልብ ይበሉ። አንዳንድ ጽሑፍ በእኛ አቆጣጠር ነው፣ አንዳንዱ በአውሮፓውያን፣ ሁልጊዜም የቱ እንደሆነ አይጻፍም። ምኒልክ ንጉሠ ነገሥት ተብለው እዚሁ ማርያም የነገሡት ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ነው፤ አንዳንድ ቦታ ግን 1889 ተብሎ ያገኙታል። ሁለቱም ልክ ነው። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ሦስተኛው ሳምንት ላለ ቀን 7 ይደምሩ፣ ከዚያ እስከ ጳጉሜን 8። እቴጌ ጣይቱ ያረፉት የካቲት 4 ቀን 1910 ዓ.ም. ስለሆነ በአውሮፓው 1918 ይሆናል። ሁልጊዜ 8 የሚደምር ሰው ንግሡን በአንድ ዓመት ያሳልፈዋል።

ቤተ መንግሥቱ ከቤተ ክርስቲያኑ ጥቂት እርምጃ ነው። እንጨት፣ በጭድ የተቦካ ጭቃ፣ ነጭ ቅብ፣ የሣር ክዳን። ግድግዳውን እንደ ድንጋይ ሕንፃ ካዩት ምንም አይታይም፤ እንደ ጭቃ ቤት ነው የሚታየው። ምርጊቱ የተላጠበት ቦታ ካገኙ ጠጋ ብለው ይመልከቱ፦ ጭዱ በጭቃው ውስጥ ተጋድሞ፣ ከኋላው ማገሩና ማቆሚያው ይታያል። ጭዱ የገባው ጭቃው ሲደርቅ እንዳይሰነጠቅ ነው። ክዳኑ ግድግዳውን አልፎ ወደ ውጭ የተዘረጋውም ዝናብ ምርጊቱን እንዳያጥበው ነው። የእንዲህ ያለ ቤት ጠላቱ ከታች የሚረጭ ውሃ ስለሆነ የግድግዳውን እግር ይዩ፤ የታደሰው ክፍል በቀለሙ ይለያል። እጅዎን ግን አያሳርፉበት፣ ጭቃ ላይ ሺህ እጅ ሲያርፍ እየፈረሰ ይሄዳል። ከቤቱ ወጥተው ሲያበቁ ደግሞ ጋራውን ያለ ባሕር ዛፍ አስቡት ቢባሉ ይከብድዎታል፤ ሆኖም ማሰብ ያለብዎት እንደዚያ ነው። ባሕር ዛፍ የገባው በ1880ዎቹ፣ ከንግሡ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት የነበረው ዛፍ ለማገዶና ለቤት ተቆርጦ ጋራው ተራቁቶ ነበር። የማገዶው እጥረት፣ ብርዱና ታች ያለው ፍል ውሃ ተደማምረው ነው ከተማውን ያወረዱት፤ ጣይቱ ፍል ውሃ አካባቢ ቤት አሠርተው አዲስ አበባ ያሏት በ1879 ዓ.ም. ነው። የድሮው ደን ምን ይመስል እንደነበር ማወቅ የሚሻ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ ያሉትን የሐበሻ ጽድና ወይራ ይመልከት።

ቤተ ክርስቲያኑ ስምንት ማዕዘን ነው። ጫማዎን አውልቀው፣ ወንድ በወንዶች፣ ሴት በሴቶች በር ይግቡ። የትኛው እንደሆነ ካላወቁ አይገምቱ፣ ደጁ ላይ ያሉትን እናቶች ይጠይቁ። ውስጡ ሦስት ክፍል ነው፦ ቅኔ ማኅሌት፣ ቅድስት፣ መቅደስ። ሥዕሎቹን በመቅደሱ ግድግዳ ላይ እየዞሩ ያያሉ። ብልጭታ ፈጽሞ አያብሩ፣ ፎቶም ፈቃድ ሳይጠይቁ አይነሣም። አቡነ ማቴዎስ ለምኒልክ ዘውድ የጫኑት በዚህ ደብር ነው። ከምኒልክ ሞት በኋላ ጣይቱ የመጨረሻ ዘመናቸውን ያሳለፉትም እዚሁ እንጦጦ ነው። ግቢው ውስጥ ጸበል የሚጠመቁ ሕሙማን አሉ፤ ካሜራዎን ወደነሱ አያዙሩ።

ከማርያም ራጉኤል በእግር ሩቅ አይደለም፣ መንገዱም ጋራው አናት ላይ ነው። በእግር መሄድ ያለብዎት ይህቺን ናት፤ ከተማው በሙሉ ከእግርዎ ሥር ይታያል። የማገዶ ሸክም የያዙ ሴቶች ሲመጡ መንገዱን ይልቀቁ፤ ቅርንጫፉ ከትከሻቸው ወደ ሁለቱም ጎን ስለሚወጣ ለመዞር ቦታ የላቸውም። የራጉኤል ሕንፃ ከማርያም ይልቅ ከውጭ የሚያምር ነው፣ አጠገቡም ከአለት የተፈለፈለ ጥንታዊ ቤተ መቅደስ አለ። እዚያ የሚያስገባ ሰው ካላገኙ ጊዜ አያጥፉ።

ሌላው የአለት ቤተ ክርስቲያን፣ የካ ጋራ ላይ ያለው ዋሻ ሚካኤል፣ ለብቻው ግማሽ ቀን ይፈልጋል። በዚሁ ቀን ላዳርሰው ያለ ሰው ሁለቱንም ያበላሻል። መውጫው ከየካ ሚካኤል በኩል ነው፤ ዳገቱን የሰፈሩን መንገድ ከሚያውቅ ሰው ጋር ይውጡት፣ ብቻዎን አይሂዱ። ከአንድ አለት የተወቀረ ነው፣ ጣሪያው የለም፤ ስለዚህ ክረምት ላይ ወለሉ ውሃ ይቋጥራል። ትውፊቱ ወደ አብርሃ ወአጽብሐ ዘመን ይወስደዋል፤ የታሪክ ሰዎች የሚሉት ከዚያ በጣም ዘግይቶ ነው። የሚሄዱት ከጥር እስከ መጋቢት ቢሆን ውስጡ ደርቆ ዓምዶቹ ከእግራቸው ጀምሮ ይታያሉ።

ወደ እንጦጦ ልመለስና፣ ከ5 ሰዓት ተኩል ሳይበልጥ ቁልቁል ይጀምሩ። በእግር መውረድ የፈለገ ሰው አስፋልቱን ይከተል። በዛፉ መሐል ያለው አቋራጭ ያጥራል፣ ነገር ግን የባሕር ዛፉ ደረቅ ፍሬ ከጫማ ሥር እንደ ጠጠር ይንከባለላል፤ ጉልበት የሚያስጎዳውም እሱ ነው። ሽሮ ሜዳ ወይም ስድስት ኪሎ ላይ ምሳ ይብሉ። የመንግሥት ሙዚየም ላይ ከ6:30 እስከ 7:30 ለምሳ የሚዘጋ ሊያጋጥም ይችላል፤ ዓርብ ከሆነ ከ5:30 ጀምሮ ነው። ስድስት ኪሎ ላይ የየካቲት 12 ሐውልትን ዞረው ይዩ፣ ገነተ ልዑል ግቢ ያለውን ሙዚየም ግን ለሌላ ቀን ያቆዩት፣ ሁለት ሰዓት ይበላል።

ከሰዓቱ የበዓታ ነው። ታዕካ ነገሥት በዓታ ለማርያም ታላቁ ቤተ መንግሥት አጠገብ ነው። ንግሥት ዘውዲቱ ለአባታቸው ያሠሩት ነው። ምኒልክ ያረፉት ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ሲሆን ቀኑ ራሱ የበዓታ በዓል ነው። መጀመሪያ አስከሬናቸው የቆየው ቤተ መንግሥቱ ግቢ በሥዕል ቤት ኪዳነ ምሕረት ነበር፤ ወደዚህ የፈለሰው ሕንፃው ካለቀ በኋላ ነው።

መቃብሩ ከወለሉ በታች ነው፤ ይህን የማያውቅ ሰው ሥዕሉን ብቻ አይቶ ይመለሳል። ውስጥ ገብተው «መቃብር ቤቱን ማየት እፈልጋለሁ» ብለው ለአስጎብኚው አባት ይንገሩ። ምንጣፉ ይነሣል፣ የብረት መዝጊያው ይከፈታል፣ ደረጃው ይታያል። ወደ ታች ሲወርዱ ፊትዎን ወደ ደረጃው ሳይሆን ወደ ጎን አድርገው፣ እጅዎን ግድግዳው ላይ ይዘው ይውረዱ፤ ካልሲ ያንሸራትታል። ታች ሲደርሱ አንድ ደቂቃ ዝም ብለው ይቁሙ፣ ዓይን ጨለማውን ይልመድ። የእብነ በረድ መቃብሮቹ ሰፊና የተቀረጹ ናቸው፦ ምኒልክ መሐል፣ ጣይቱና ዘውዲቱ ግራና ቀኝ። እንጦጦ ላይ ዘውድ የጫኑላቸው አቡነ ማቴዎስና የዐፄ ኃይለ ሥላሴ ልጅ ልዕልት ፀሐይም እዚሁ ናቸው። መዝጊያውን የሚከፍት ሰው ሁልጊዜ አይገኝም፤ ከ9 ሰዓት በኋላ መድረስ ዕድልን መሞከር ነው።

ጉልበት የተረፈው ሰው ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ቅርብ ነው። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ እዚያ የተቀበሩት ጥቅምት 26 ቀን 1993 ዓ.ም. ነው፤ አፅማቸው ከተገኘ በኋላ እስከዚያ ድረስ የቆየው እዚሁ በዓታ፣ አሁን ከወጡበት ሕንፃ ነው። ካቴድራሉ ግቢ ህዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. የተገደሉት ባለሥልጣናት መታሰቢያና የሲልቪያ ፓንክኸርስት መቃብር አለ። የውጭውን መቃብሮች 10 ሰዓት አካባቢ ይዩአቸው። ፀሐይዋ ዝቅ ስትል ብርሃኑ ከጎን ስለሚመጣ፣ ቀን ላይ የማይነበበው በድንጋይ የተቀረጸ ፊደል ጥላ አውጥቶ ይታያል።