ዙር ቆጣሪ አፕ ሲያስቸግር፦ ምልክቱ፣ ምክንያቱ፣ መፍትሄው

በጂፒኤስ የዙር ሰዓት፣ ማለትም በመኪና ወይም በሞተር አንድ ዙር ለመጨረስ የፈጀውን ጊዜ፣ የሚይዙ አፖች፣ እነ ሬስክሮኖ፣ ትራክአዲክትና ሃሪስ ላፕታይመር፣ የታሰቡት ደህና ትራክ ላይ ለሚነዱ ሰዎች ነው። እኛ ጅማ የምንዞረው ባለቤቱን አስፈቅደን፣ አሮጌ ጎማ ደርድረን፣ ልጅና ከብት እንዳይገባ ጥግ ጥጉ ላይ ሰው አቁመን ሜዳ ላይ ነው። መንገድ ላይ የሚሞክር ካለ ይህ ጽሑፍ ለሱ አይደለም።

አፑ ሜዳም ላይ ይሠራል። ሲያስቸግር ግን ሁሉም ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው አፑን አጥፍቶ እንደገና መጫን ነው፤ ይህ ደግሞ ብዙ ጊዜ ምንም አይፈይድም፣ ምክንያቱም ጥፋቱ ያለው ወይ ስልኩና ሰማዩ መሃል ነው፣ ወይ ባትሪ ቆጣቢው ጋ ነው፣ ወይ መነሻ መስመሩን (ዙሩ የሚቆጠርበትን፣ አፑ ካርታ ላይ የምታሰምሩትን) ያሰመራችሁበት ቦታ ላይ ነው። አንድ ነገር ከወዲሁ ልበል። ስክሪኑ መቶኛ ሰከንድ ስለጻፈ ስልኩ መቶኛ ሰከንድ ያውቃል ማለት አይደለም።

ሳተላይት እየፈለገ ቀረ

ሜዳው ላይ ደርሳችሁ፣ ሄልሜት አድርጋችሁ፣ አፑ ገና "እየፈለግኩ ነው" ይላል። ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ዳታ ነው። ስልክ ሳተላይቶቹ የት የት እንዳሉ ከኢንተርኔት ያወርዳል። ኔት ከሌለ ከሳተላይቶቹ ከራሳቸው መስማት አለበት። አንድ ሳተላይት የራሱን ምህዋር መረጃ ለመንገር 30 ሰከንድ ይፈጅበታል፣ ያውም ሳይቆራረጥ ከተሰማ። የሁሉንም ሳተላይቶች ማውጫ ለመስማት ደግሞ 12 ደቂቃ ተኩል ያስፈልጋል። ስልኩን በየደቂቃው ኪሳችሁ እየከተታችሁ የምታወጡ ከሆነ ያ 30 ሰከንድ አይሞላም።

መፍትሄው ቀላል ነው። ከከተማ ሳትወጡ ዳታ አብሩ፣ አፑን ክፈቱ፣ ቦታ እስኪይዝ ጠብቁ። ለጥቂት ሰዓት ያገለግላችኋል። የሜዳውንም ካርታ ያኔውኑ አውርዱት። ሜዳው ላይ ስልኩን ሰማይ በደንብ በሚታይበት ቦታ አስቀምጡና አትንኩት። ቆርቆሮ ጣራ ሥር ቆሞ ሳተላይት አይጠበቅም።

ዛፍ ሌላው ጉዳይ ነው፣ ጅማ ደግሞ ዛፍ አታጣም። ጥቅጥቅ ያለ እርጥብ ቅጠል ሲግናሉን ያዳክመዋል፤ ክረምት ላይ ዝናቡ ካባራም በኋላ ከዛፍ ሥር ያለው የሜዳው ጥግ ላይ ካርታው ላይ ያላችሁበትን የሚያሳየው ነጥብ ሲንከራተት የምታዩት ለዚህ ነው። ደመናው ግን ይህን ያህል የሚያደርገው ነገር የለም። "ዛሬ ሰማዩ ስለከበደ ነው" የምትለዋን ሰበብ ተዉአት።

ማታ ሰፈር ውስጥ ስትሞክሩት ነጥቡ ያለምክንያት ከዘለለ ደግሞ፣ የምድር መግነጢሳዊ ወገብ በኢትዮጵያ ላይ እንደሚያልፍ አስታውሱ። በዚህ አካባቢ የሳተላይቱ ሲግናል የሚያልፍበት ከላይ ያለው የአየር ንብርብር ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ለጥቂት ሰዓታት ሊረበሽና ሲግናሉን ሊያዛባ ይችላል፣ በተለይ በመስከረምና በመጋቢት አካባቢ። ቀን ላይ ድገሙት።

ዙሩን አልቆጠረም፣ ወይም አንዱን ዙር ሁለት አደረገው

አብዛኛው ጣጣ ያለው እዚህ ነው።

ብዙ ስልክ ቦታውን የሚያድሰው በሰከንድ አንድ ጊዜ ነው። በሰዓት 72 ኪሎ ሜትር ስትነዱ በሰከንድ 20 ሜትር ትሄዳላችሁ። ስለዚህ ስልኩ የሚያውቀው በየ20 ሜትሩ አንድ ነጥብ ብቻ ነው፤ መስመሩን የረገጣችሁባትን ቅጽበት በዓይኑ አላየም። አፑ ከመስመሩ በፊት ያለውን ነጥብና ከመስመሩ በኋላ ያለውን ይወስድና መሃሉን አስልቶ ይሞላል። በእኩል ፍጥነት ካለፋችሁ ስሌቱ ያምራል፣ ፍሬን እየያዛችሁ ወይም ነዳጅ እየሰጣችሁ ካለፋችሁ ግን ይዛባል።

በዚያ ላይ ጥሩ ስልክ ራሱ፣ ሰማዩ ክፍት ሆኖ፣ ወደ 5 ሜትር ገደማ ሊስት ይችላል። መስመሩን አጭር አድርጋችሁ ካሰመራችሁት አፑ "ከመስመሩ ጎን አለፈ" ብሎ ያስባል፣ ዙሩም አይቆጠርም። ያኔ መስመሩን ግራና ቀኝ አስረዝሙት። አብዝታችሁ ካስረዘማችሁት ደግሞ የኛ ሜዳ ጠባብ ስለሆነ፣ መሄጃውና መመለሻው ጎን ለጎን ስለሚያልፉ፣ መስመሩ ሁለቱንም ይቆርጣል፤ ያኔ ነው የ40 ሰከንዱ ዙር ሁለት የ20 ሰከንድ ዙር ሆኖ የሚመጣውና አንዱ ሪከርድ ሰበርኩ ብሎ የሚፎክረው። እንዲህ ከሆነ መስመሩን መመለሻው ወደማይጠጋበት ቦታ ውሰዱት። መስመሩ ከመንገዱ ጋር መስቀለኛ መሆኑንም እዩ፣ ሰያፍ መሆን የለበትም።

ምንም ዙር ካልቆጠረስ? አቅጣጫውን ተመልከቱ። አንዳንድ አፕ መስመሩ የሚቆጠረው ከአንድ በኩል ሲታለፍ ብቻ ነው። መስመሩን በቀኝ ዙሪያ መዝግባችሁት በግራ ዙሪያ ከነዳችሁ ዝም ይላል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር፣ መስመሩ የት ይሁን? በልማድ መስመሩ የሚሰመረው ሰው የሚቀመጥበት፣ ቡና የሚፈላበት ዛፍ አጠገብ ነው። ለተመልካች ይመቻል፣ ለሰዓት ግን አይሆንም። ስሌቱን እዩት። ጂፒኤሱ 3 ሜትር ቢስትና በሰከንድ 20 ሜትር እየሄዳችሁ ብታልፉ ስህተቱ 0.15 ሰከንድ ነው። ያችው 3 ሜትር ኩርባ ላይ፣ በሰከንድ 5 ሜትር ስትሄዱ፣ 0.6 ሰከንድ ትሆናለች። ስለዚህ መስመሩ በጣም የምትፈጥኑበት ቀጥታ ቦታ ላይ፣ ፍሬን ከመያዛችሁ ደህና ቀደም ብሎ፣ ከዛፍ ርቆ ይሁን። ከሳተላይት ፎቶ ላይ ስታሰምሩ ፎቶው ጥቂት ሜትር ተንሸራቶ ሊሆን ይችላል፤ ለዙር ሰዓት ያን ያህል አያስጨንቅም፣ የምትለኩት ከዚያው መስመር እስከዚያው መስመር ነውና።

መሃል ላይ ቆመ፣ ሩጫው ግማሹ የለም

ባትሪ ቆጣቢው ነው። እዚህ ብዙ ሰው እጅ ላይ ያሉት የአንድሮይድ ስልኮች ስክሪን ሲጠፋ ከኋላ የሚሠራውን አፕ ይዘጉታል። ሴቲንግ ውስጥ አፑን ፈልጉና የባትሪ ገደቡን አንሱለት፣ አጠቃላይ ባትሪ ቆጣቢውንም አጥፉ፣ ስክሪኑ ሳይጠፋ እንዲቆይ አድርጉ። ከአንድሮይድ 12 ጀምሮ ስልኩ "ትክክለኛ ቦታ" እና "ግምታዊ ቦታ" ብሎ ያስመርጣል። በችኮላ ግምታዊውን ከነካችሁ አፑ የሚያውቀው የቱ ሰፈር አካባቢ እንዳላችሁ እንጂ የቱ ኩርባ ላይ እንዳላችሁ አይደለም።

ፀሐይ ላይ ዳሽቦርድ ላይ የተቀመጠ ስልክም ሲግል ራሱን ያዳክማል። ነፋስ የሚያገኝበት ቦታ ይሁን። ሞተር ለምትነዱ አንድ ነገር ልጨምር፦ አፕል ራሱ በፈረንጆቹ 2021 የትልልቅ ሞተሮች ንዝረት የአይፎን ካሜራን ሊጎዳ እንደሚችል አስጠንቅቋል። ስልኩን መሪው ላይ ከማሰር የጃኬት የላይኛው ኪስ ይሻላል፤ ሲግናሉ ትንሽ ይቀንሳል፣ ካሜራው ግን ይተርፋል። እየነዳችሁ ስክሪን ማየትም የለባችሁም።

ሪሲቨር ተገዛ፣ አፑ አያየውም

ሪሲቨር ማለት ከስልኩ ውጭ የሚቀመጥ የጂፒኤስ መቀበያ ነው፤ በሰከንድ 10 ወይም 25 ጊዜ የሚያድስ የብሉቱዝ ሪሲቨር ትልቅ ለውጥ አለው። በሰከንድ 20 ሜትር ስትሄዱ በ10 ኸርዝ (በሰከንድ 10 ጊዜ) ነጥቦቹ 2 ሜትር ብቻ ይራራቃሉ፣ በ25 ኸርዝ ደግሞ 80 ሴንቲ ሜትር። ግን አልገናኝ ሲል ያናድዳል።

እንደ ሬስቦክስ ያሉት አዳዲሶቹ ከስልኩ የብሉቱዝ ሴቲንግ ሳይሆን ከአፑ ውስጥ ነው የሚገናኙት። ከሴቲንግ አገናኝታችሁት ከነበረ አጥፉትና ከአፑ ሞክሩ። የጓደኛችሁ ስልክ ይዞትም ሊሆን ይችላል፣ የሱን ብሉቱዝ አስዘጉት። አንድሮይድ 12 እና ከዚያ በላይ ከሆነ "በአቅራቢያ ያሉ መሣሪያዎች" የሚለውን ፈቃድ ስጡ፣ ከዚያ በታች ከሆነ ሎኬሽን ካልበራ ብሉቱዝ ፍለጋው ራሱ አይሠራም። የድሮ ዓይነት የብሉቱዝ ጂፒኤስ ደግሞ አንድሮይድ ላይ ሠርቶ አይፎን ላይ እምቢ ቢል የአፑ ጥፋት አይደለም። አይፎን የሚቀበለው ለሱ ተብለው የተሠሩትን ወይም አነስተኛ ኃይል የሚጠቀመውን ብሉቱዝ ነው።

ባዶ የጂፒኤስ ሞጁል (የመቀበያ ሰሌዳ) ገዝታችሁ ሪሲቨሩን ራሳችሁ የምትሠሩ ካላችሁ፣ ርካሹ ኔኦ-6ኤም የተባለው ሞጁል ከፋብሪካ ሲወጣ 1 ኸርዝ ነው፣ ቢበዛ 5 ድረስ ይወጣል። ከዚያ የተሻለ ሞጁል ላይ 10 ኸርዝ ስታደርጉ ነጥቦች ከጎደሉ ሞጁሉ መረጃ የሚልክበት ፍጥነት በሰከንድ 9600 ቢት ላይ ቀርቶ ነው። ያ በሰከንድ 960 ፊደል ብቻ ያሳልፋል፣ 10 ኸርዝ ደግሞ ከዚያ በላይ ይፈልጋል። 115200 አድርጉት።

ሰዓቱና ቀኑ አይገጥምም

ፋይሉ ውስጥ ሰዓቱ ብዙ ጊዜ በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት) ነው የሚቀመጠው፣ እኛ ከሱ በ3 ሰዓት እንቀድማለን። ስለዚህ ቀን 6 ሰዓት ላይ የነዳችሁት ስልኩ ላይ 12፡00፣ ፋይሉ ላይ 9፡00 ነው። ምንም አልተበላሸም።

ቀኑ ወደ 20 ዓመት ገደማ ወደ ኋላ ከሄደ ግን ሪሲቨሩ አሮጌ ነው። ጂፒኤስ ሳምንታትን እስከ 1024 ቆጥሮ ከዜሮ ይጀምራል፤ የመጨረሻው ዜሮ በ2011 ዓ.ም. መጋቢት መጨረሻ ላይ ነበር፣ ያልታደሱ መሣሪያዎችም ያኔ ተደናገሩ። አምራቹ ማደሻ ካወጣለት ጫኑለት። ካልሆነ ቀኑን በፋይሉ ስም ላይ ጻፉት፣ የዙሩ ሰዓት በዚህ አይነካም።

ሁለት ስልክ፣ ሁለት ሰዓት

አንድ መኪና ውስጥ ሁለት ስልክ አድርጋችሁ ብትዞሩ አንድ ዓይነት ቁጥር አታገኙም። ስለዚህ አንዱ በራሱ ስልክ፣ ሌላው በራሱ ስልክ ተለክተው በ0.2 ሰከንድ ተበላለጡ ቢባል ማን እንደቀደመ አልታወቀም። አንድ ስልክ ወይም አንድ ሪሲቨር ይያዝና እየተቀባበላችሁ ንዱ፣ በዚያው መስመር፣ በዚያው ከሰዓት። በእጅ ሰዓት የሚይዝ ሰው ብታቆሙም የሱም ጣት ሁለት አሥረኛ ሰከንድ ገደማ ሊዘገይ ይችላል፤ አፑ ዙር እንዳልዘለለ ለማረጋገጥ ግን ይጠቅማል። በስልክ ብቻ የምትለኩ ከሆነ ደግሞ ከግማሽ ሰከንድ ያነሰ ልዩነት ላይ ምሳ አታስይዙ።