ለሶላር ትራንስፎርመር ልትገዙ ነው? ዋጋ ከመጠየቃችሁ በፊት ይህን አንብቡ

መጀመሪያ እንለይ። ቤታችሁ ጣሪያ ላይ 3 ወይም 5 ኪሎዋት ሶላር ከባትሪ ጋር ልታስገቡ ከሆነ ትራንስፎርመር አያስፈልጋችሁም። የፓነሉን ኤሌክትሪክ ወደ መደበኛ መብራት የሚቀይረው ኢንቨርተር ራሱ 220 ቮልት ያወጣል፣ በቃ። "ትራንስፎርመርም ይጨመር" የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ለምን እንደሆነ በወረቀት ያስረዳችሁ። ይህ ጽሑፍ ለፋብሪካ፣ ለአበባ እርሻ፣ ለሆስፒታል ወይም ከዋናው መስመር ለራቀ ቀበሌ ሶላር ለሚያስቡ ሰዎች ነው። የሶላሩን ኃይል ወደ 15 ወይም 33 ኪሎ ቮልት ከፍ ማድረግ ለሚፈልጉት ማለቴ ነው።

ፋብሪካ ያላችሁ ሰዎችም ላያስፈልጋችሁ ይችላል። ብዙ ጊዜ ግቢያችሁ ውስጥ ከ15 ኪሎ ቮልት ወደ 400 ቮልት የሚያወርድ ትራንስፎርመር ቀድሞውኑ አለ። 400 ቮልት የሚያወጡ ኢንቨርተሮች ከመረጣችሁ፣ የሶላሩ መጠን ከዚያ ትራንስፎርመር አቅም ካልበለጠ፣ የሚመነጨውንም ቀን ላይ እዚያው ግቢ የምትጨርሱት ከሆነ፣ ሶላሩን ዋናው ቦርድ ላይ በራሱ ብሬከር ማስገባት ይቻላል። ሌላ ትራንስፎርመር መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው።

ነገሩ የሚቀየረው ፓነሎቹ ከፋብሪካው ርቀው ሜዳ ላይ ሲተከሉ ነው። 1 ሜጋዋት በ400 ቮልት ሲሄድ ከ1,400 አምፒር በላይ ነው። ይህን ያህል አምፒር ግማሽ ኪሎ ሜትር ለመውሰድ የምትቀብሩት ኬብል ዋጋ ያስደነግጣችኋል። በ15 ኪሎ ቮልት ግን ያው ኃይል 40 አምፒር እንኳን አይሞላም። እዚህ ላይ ትራንስፎርመር ግዴታ ነው።

ዕቃ ከማሰባችሁ በፊት ግን የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ዘንድ ሂዱ። መስመራችሁ 15 ነው ወይስ 33? ከመስመሩ ጋር እንድትገናኙ ይፈቀዳል? ምን ዓይነት ቆጣሪ፣ ምን ዓይነት መከላከያ ይጠየቃል? መልሱን በደብዳቤ ያዙ። በቃል የተነገራችሁን አምናችሁ ካዘዛችሁ በኋላ ሌላ ኃላፊ መጥቶ ሌላ ነገር ቢላችሁ የምትከራከሩበት ነገር አይኖራችሁም።

አሁን ወደ ዕቃው። ስልክ ደውሎ "የ1250 ትራንስፎርመር ስንት ነው?" ማለት የተለመደ ነው፤ መልስም ይገኛል። ግን የተነገራችሁ ዋጋ የየትኛው ትራንስፎርመር ነው? ሁለት የ1250 ኬቪኤ (የትራንስፎርመር አቅም መለኪያ) ዕቃዎች በዋጋም በዕድሜም ሰማይና ምድር ሊሆኑ ይችላሉ። ስለዚህ መጀመሪያ የምትፈልጉትን አንድ ገጽ ላይ ጻፉ፤ ከዚያ ያንኑ ወረቀት ለሦስትም ለአራትም አቅራቢ ላኩና ፕሮፎርማ ጠይቁ። ሁሉም ለአንድ ጥያቄ ሲመልሱ ነው ማወዳደር የሚቻለው።

ወረቀቱ የሚጀምረው ከኢንቨርተሩ ኔምፕሌት፣ ማለትም ዕቃው ላይ ከተለጠፈው የመረጃ ሰሌዳ ነው። የኢንቨርተሩ መውጫ ስንት ቮልት ነው? ለጣሪያ የሚሠሩት ብዙዎቹ 400 ቮልት ናቸው። ለትልልቅ ሜዳ የሚሠሩት ደግሞ 800 ቮልት ያወጣሉ። ኢንቨርተሩ 800 ሆኖ ትራንስፎርመሩ በ400 ከታዘዘ ዕቃው ግቢ ውስጥ ቆሞ ዝናብ ይመታዋል። እንግዲህ መጀመሪያ ኢንቨርተር ይመረጥ፣ ከዚያ ትራንስፎርመር ይታዘዝ፤ ተገላብጦ አይሁን።

ከቮልቱ ጋር የኒውትራሉ፣ ማለትም የሦስቱ መስመሮች የጋራ ነጥብ ነገር ይመጣል። በ400 ቮልት ሲሆን የተለመደው ዲዋይኤን 11 የሚባለው ቬክተር ግሩፕ (የመጠምጠሚያዎቹ አያያዝ) ይሠራል፤ ኒውትራሉም መሬት ይያዛል። የ800 ቮልት ኢንቨርተሮች ግን አብዛኞቹ ኒውትራሉ መሬት እንዲያያዝ አይፈልጉም። ለእነሱ ኒውትራል የማይወጣበት ዲዋይ 11 ነው የሚታዘዘው። የኢንቨርተሩን ማንዋል ከፍታችሁ አረጋግጡ። ደግሞ ከ800 ቮልት ላይ የጥበቃ ቤቱን መብራትና ካሜራ ማስነሳት አይቻልም፣ ለዚያ ትንሽ ረዳት ትራንስፎርመር ያስፈልጋል። ይህን ብዙ ጊዜ የሚያስታውሱት ተከላው ካለቀ በኋላ ነው።

መጠኑን የሚወስነው ፓነሉ አይደለም። 1.2 ሜጋዋት ፓነል ከ1 ሜጋዋት ኢንቨርተር ጋር መግጠም የተለመደ አሠራር ነው፤ ትራንስፎርመሩ የሚያየው ኢንቨርተሩን ብቻ ነው። እሱንም በኬቪኤ አስሉት። 100 ኪሎዋት የተባለ ኢንቨርተር ዝርዝሩ ላይ 110 ኬቪኤ የሚል ሊኖረው ይችላል። አሥሩ ሲደመሩ 1,100 ይሆናሉ፣ 1,000 ኬቪኤ አይበቃም፣ ቀጣዩ መጠን 1,250 ነው። "ፀሐይ እኮ ሙሉ ቀን አትወጣም፣ ሌሊት ይቀዘቅዛል፣ አነስ ያለ ይበቃል" የሚል ምክር ትሰማላችሁ። አልስማማም። በበጋ ሰማዩ ጠርቶ ሲውል፣ ፓነሉም ከኢንቨርተሩ በልጦ ሲተከል፣ ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ ከሰዓት 9 ሰዓት ድረስ ያለማቋረጥ ሙሉ ጭነት ነው። በዚያን ያህል ሰዓት ትራንስፎርመሩ ውስጥ ያለው የማቀዝቀዣ ዘይት በደንብ ይግላል።

ብዙ ሰው የሚዘለው ግን ከፍታን ነው። ትራንስፎርመር የሚሠራበት ዓለም አቀፍ ደረጃ አይኢሲ 60076 ሲሆን፣ ሌላ ነገር ካልተነገረው በቀር ዕቃው ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,000 ሜትር በማይበልጥ ቦታ እንደሚተከል ይገምታል። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። ደብረ ብርሃን ወደ 2,800 ትጠጋለች። ከፍ ባልን ቁጥር አየሩ ይሳሳል፣ ሙቀትም እንደ ልቡ አይወጣም፤ በዚህ ምክንያት በተፈጥሮ አየር የሚቀዘቅዝ የዘይት ትራንስፎርመር እንዲግል የሚፈቀድለት መጠን ከ1,000 ሜትር በላይ በየ400 ሜትሩ 1 ዲግሪ ይቀነሳል። ለደብረ ብርሃን 4.5 ዲግሪ ገደማ ነው። ይህ ብዙም አያሳስብም፣ አገሩ ራሱ ብርድ ነው።

ሁለተኛውን ችግር ግን ብርድ አያድነውም። ስስ አየር ኤሌክትሪክን እንደ ወፍራም አየር አይከለክልም። ስለዚህ ከውጭ፣ በቡሺንጎቹ (ሽቦው ከታንኩ የሚወጣባቸው መከላከያዎች) መካከልና ከቡሺንግ ወደ ታንኩ ያለው ክፍተት ከ1,000 ሜትር በላይ በየ100 ሜትሩ 1 በመቶ መስፋት አለበት። ለደብረ ብርሃን 18 በመቶ ማለት ነው። ለ15 ኪሎ ቮልት መስመር የተለመደው የ17.5 ኪሎ ቮልት የኢንሱሌሽን ክፍል 95 ኪሎ ቮልት የመብረቅ ግፊት እንዲችል ተደርጎ ይሠራል። ለደጋ አገር ቀላሉ መፍትሔ አንድ ደረጃ ከፍ ብሎ የ24 ኪሎ ቮልት ክፍል፣ 125 ኪሎ ቮልት የሚችል ቡሺንግ ማዘዝ ነው። የእኛ ደጋ ክረምት ላይ መብረቅ እንደማይምር ታውቃላችሁ፤ የመብረቁን ግፊት ወደ መሬት የሚያፈስ ሰርጅ አሬስተርም አብሮ ይታዘዝ። ሰመራ ወይም ጎዴ ከሆናችሁ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። ከፍታው ችግር አይደለም፣ ሙቀቱ ነው። ደረጃው የሚገምተው ከፍተኛ የአየር ሙቀት 40 ዲግሪ፣ የዓመቱ አማካይ ደግሞ 20 ዲግሪ ነው። የአፋር ቆላ ሁለቱንም ያልፋል። ቦታውን፣ ከፍታውን፣ ሙቀቱን ካልጻፋችሁ ፋብሪካው ለዝቅተኛና ለሞቃታማ ያልሆነ አገር ይሠራላችኋል፤ ጥፋቱም የእሱ አይሆንም።

ቀጥሎ ብክነት። ትራንስፎርመር ሁለት ዓይነት ብክነት አለው። አንዱ ጭነት ሲኖር የሚመጣው ነው፣ ጭነቱ በግማሽ ሲቀንስ ወደ አንድ አራተኛ ይወርዳል። ሌላው ያለጭነት ብክነት ነው፤ ሞተሩ ሳይጠፋ እንደቆመ መኪና ሌሊቱን ሙሉ ይበላል፣ ሌሊት ደግሞ ፀሐይ ስለሌለች ሂሳቡ ከመስመሩ ነው። ከሐምሌ 2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአውሮፓ ሕብረት አዲስ የሚሸጥ የ1,250 ኬቪኤ የዘይት ትራንስፎርመር ያለጭነት ብክነቱ ከ855 ዋት እንዳይበልጥ ተደንግጓል። ርካሽ ተብሎ የቀረበላችሁ ዕቃ 2,000 ዋት የሚል ከሆነ ልዩነቱ በዓመት ወደ 10 ሺህ ኪሎዋት ሰዓት ይመጣል። በ25 ዓመት አባዙትና የዋጋውን ልዩነት ከዚያ ጋር አስተያዩት። አንድ ተንኮል ላሳያችሁ፦ የአይኢሲ ደረጃ ከተስማማችሁበት ጠቅላላ ብክነት 10 በመቶ ድረስ ቢበልጥ ይፈቅዳል። "ያለ ምንም ጭማሪ" ብላችሁ ጻፉ፣ ለሚበልጠው ዋትም ቅጣት አስገቡ።

መዳብ ወይስ አሉሚኒየም? በትክክል የተሠራ አሉሚኒየም ምንም አይለውም። ችግሩ መዳብ ተብሎ አሉሚኒየም ሲሸጥ ነው። በመጠምጠሚያዎቹ መካከል መሬት የተያዘ ሺልድ ይኑር፣ ከኢንቨርተሩ የሚመጣውን ረብሻ ይቀንሳል። ቮልቱን የሚያስተካክለው ታፕ ቼንጀር ወደ ላይም ወደ ታችም ሁለት ሁለት ደረጃ፣ እያንዳንዱ 2.5 በመቶ ከሆነ ለአብዛኛው ቦታ ይበቃል።

ከዋናው መስመር ውጪ ለሚተከል ሶላር አንድ ልዩ ጣጣ አለ። ትራንስፎርመር ሲነሳ ለአፍታ ከመደበኛው 10 እጥፍ ገደማ አምፒር ሊስብ ይችላል። ዋናው መስመር ይህን ይችለዋል፣ የባትሪ ኢንቨርተር ግን ራሱን ያጠፋል። ደጋግማችሁ ብታስነሱትም ያው ነው። ኢንቨርተሩ ቮልቱን ከዜሮ ቀስ እያደረገ ከፍ የሚያደርግ መሆኑን ከመግዛታችሁ በፊት ጠይቁ።

ያገለገለና የታደሰ ዕቃም ይቀርብላችኋል። ዋጋው ያጓጓል። እኔ ግን ዘይቱ ፒሲቢ ለሚባለው መርዝ ተመርምሮ ውጤቱን ሳላይ አልነካውም። ኢትዮጵያ የፈረመችው የስቶክሆልም ስምምነት ይህን ኬሚካል የያዙ መሣሪያዎች ከአገልግሎት የሚወጡበትን ጊዜ እስከ 2025 እ.ኤ.አ. አድርጎ ነበር። ፒሲቢ ያለበት ከሆነ ዕዳው ከነማስወገጃው ወደ እናንተ ዞረ ማለት ነው።

ግዢው ላይ ስትደርሱ፣ ዋጋው ጅቡቲ ድረስ ነው ወይስ ግቢያችሁ ድረስ የሚለውን አጥሩ። በዘይት የሚሠራና ከ650 እስከ 10,000 ኬቪኤ የሆነ ትራንስፎርመር የታሪፍ ቁጥሩ 8504.22 ነው። የሶላር ፓነል የሚያገኘው የቀረጥ እፎይታ ለዚህም ይሠራል ብላችሁ አትገምቱ፤ ቁጥሩን ይዛችሁ ጉምሩክ ጠይቁ።

በኤልሲ (ባንክ ለሻጩ ለመክፈል በሚገባው ሰነድ) የምትከፍሉ ከሆነ ደግሞ ይህን ልብ በሉ። ባንክ የሚከፍለው ሰነድ አይቶ ነው እንጂ ዕቃ አይቶ አይደለም። ስለዚህ የፋብሪካው ቴስት ሪፖርትና ገለልተኛ መርማሪ የፈረመበት ወረቀት ከኤልሲው ሰነዶች መካከል ይግቡ። ሪፖርቱ የእናንተን ዕቃ መለያ ቁጥር መያዝ አለበት፣ የሌላ ዕቃ ካታሎግ አይሁን። የመጠምጠሚያ ሬዚስታንስ፣ የቮልት ሬሾና ቬክተር ግሩፕ፣ ሁለቱ ብክነቶች፣ ኢምፒዳንስ፣ የኢንሱሌሽን ፍተሻዎች በሙሉ ይኑሩበት። ለዚህ የሚከፈለው ወጪ ከዕቃው ዋጋ አንጻር ትንሽ ነው።

ዕቃው ሲመጣ ክሬኑን አስቀድማችሁ ያዙ፤ የ1,250 ኬቪኤ ትራንስፎርመር ከ3 ቶን በላይ ሊመዝን ይችላል። ከመኪና ሳይወርድ ዙሪያውን ፎቶ አንሱ። ዘይት ያንጠባጥባል? ቡሺንግ ተሰንጥቋል? ኔምፕሌቱ ላይ ያለው ቁጥር ከሪፖርቱ ጋር ይገጥማል? ከዚያ ኢንሱሌሽኑ በሜገር (የኢንሱሌሽን መለኪያ መሣሪያ) ይለካ፣ ሬሾውም ይፈተሽ። ጉድለት ካለ መረከቢያው ላይ በዝርዝር ጽፋችሁ ፈርሙ። ሹፌሩ ቸኩሏል፣ ክሬኑ በሰዓት ይቆጥራል፣ ሁሉም "ፈርሙና እንሂድ" ይላችኋል፤ ይቆዩ።